ከኋላ ወንበር የተቀመጡት መምህር

አባቶቼ ካህናት፣ የመምህራችን ባለቤት እትዬ የብርጓል፣ የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቶች፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ከየወረዳው በአውቶቡስም በእግርም የመጣችሁ ተማሪዎቻቸው፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ፀሐዩ ከብዷል፣ ቆማችሁ ነው የዋላችሁት፤ ትንሽ ታገሡኝ። አዘዘ እባላለሁ፣ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር ነኝ። የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። እኔ የተጠየቅሁት ስለ መምህርነታቸው ጥቂት እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ከዚያ ደግሞ ያልተጠየቅሁትን እናገራለሁ።

መምህር ወልደ ገብርኤልን ያወቅኋቸው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ከማሠልጠኛ ለወጣን አዲሶች ወዲያው ክፍል አይሰጠንም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በከተማው ትምህርት ቤት ከነባር መምህር ጎን እንቀመጣለን። በወር ሰማንያ ብር እየተከፈለን፣ እያየን፣ እየሞከርን እንማራለን። የጎን መምህር ይሉን ነበር። እኔና አገርነሽ የምትባል ልጅ ለእሳቸው ደረስናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ክራባት አስሬ ሄድሁ። ጠመኔ የሚሰጡኝ መስሎኝ። እሳቸው የኋላ ወንበር አሳዩኝ። ከሦስት ልጆች ጋር ተጣብቄ ተቀመጥሁ። ሳምንት ሞላኝ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የማስተምረው?» አልኋቸው። «የዘጠና ሁለቱን ልጆች ስም ከነሰፈራቸው የነገርኸኝ ዕለት» አሉኝ። አገርነሽ በዘጠኝ ቀን ጨረሰች። እኔ ወር ፈጀብኝ። ቀንቼባት ነበር፤ እሱንም ዛሬ ልናገረው።

ከዚያ ክፍል ልጆች መካከል አንዳንዶቻችሁ እዚህ ቆማችኋል። መጀመሪያ ያስተማርሁባትን ቀን ታስታውሷት ይሆናል። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር። መካከል ላይ ጠፋኝ። እጄ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ዘጠና ሁለት ልጅ አፍጥጦ ያየኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ተነሥቶ ጠመኔውን ይነጥቀኛል። ልጆቹም እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። እሳቸው ግን ከኋላ ወንበር ጣታቸውን አወጡ። ያ ሽበታም ሰው፣ እንደ ተማሪ። «መምህር፣ እኔ አልገባኝም። ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» አሉ። ይድገሙልኝ። የሃያ ዓመት ጎረምሳውን በአንቱታ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ ጨረስሁም። መምህር የሆንሁት የዚያን ዕለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይገባዋል? እናንተ ታውቃላችሁ። ያገኙት ምን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ።

አንድ ቅዳሜ እኔንና አገርነሽን በታንኳ ወደ ዘጌ ወሰዱን። የአባታቸው አገር ነው፤ ልጅ ሳሉ የተማሩበት የቄስ ትምህርት ቤት እዚያ ነበር። ዛፍ ሥር ልጆቹ ተኮልኩለዋል። ትልቁ ትንሹን ያስጠናል፤ ትንሹም ከእሱ ያነሰውን። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ተኝተዋል ብዬ ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ልጅ አንዲት ቃል ሳተ። «ተመለስ» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ጋሼ ወደ እኛ ዘወር አሉ። «አያችሁ? መናገርማ ማንም ይናገራል። የመምህር ሥራ መስማት ነው» አሉን።

ስንመለስ ታንኳው ላይ እንዲህ አሉን። «ልጆቼ፣ ይህ በዕቅዱ ውስጥ የለም። ጊዜውን ታውቁታላችሁ። በመካከላችን ይቅር።» ሦስት ነበርን። አራተኛው ቀዛፊው ነው፤ እሱ የዘጌ ሰው ነው፣ ቅጽ አይሞላም።

እኛ ግን ሰኔ ላይ ቅጽ ሞላን። ስማችንን ጽፈን ለቢሮ አስረከብን። አንዱ ጥያቄ «አሠልጣኙ ከዕቅድ ውጭ የሠራው ካለ ይገለጽ» ይላል። ፈራሁ። አገርነሽ ጽፋው እኔ ብደብቅስ፣ ለምን ደበቅህ ብባልስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የዘጌውን ጻፍሁ። ቀኑን ጻፍሁ፣ ቦታውን ጻፍሁ። ውሸት አልጨመርሁበትም። እውነቱን ብቻ ነው የጻፍሁት፤ ለስምንት ዓመት ራሴን የሸነገልሁትም በዚች ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ። እትዬ የብርጓል፣ ይስሙኝ፣ እኔ ነኝ።

በስብሰባ ላይ ተነበበ። የጸሐፊው ስም አልተነበበም። አዳዲስ መምህራንን ወደ ኋላ የሚጎትት ተባሉ። ማሠልጠኑን ተነጠቁ፣ ክፍሉንም ተነጠቁ፤ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ገቡ። ስምንት ዓመት ደብተር ሲያድሉ ኖሩ። በየዓመቱ አዳዲስ የጎን መምህራን ይመጣሉ። እሳቸው ደብተር ተሸክመው በአጠገባቸው ያልፋሉ። ማን አስተማራቸው እነዚያን ልጆች? ማንም። የጎን መምህር ማለት ነባሩ ሲቀር ክፍል የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ያንን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

«ማን ጻፈው?» ተባለ። ዘጌ የሄድነው ሦስት ነን፤ እሳቸው በራሳቸው ላይ አይጽፉ። «ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም» ተባለ። አቶ ክንዱ፣ አንተ እዚህ አለህ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «እሷ ናት አይደል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አዎ አላልሁህም። መሬት መሬት አየሁ። አንተም ገባህ። በሳምንቱ ከአገርነሽ ጋር የሚቀመጥ ጠፋ። ሰላምታ ተነፈገች። በዓመቱ ዝውውር ጠይቃ ዱርቤቴ ሄደች።

ምክትል ከሆንሁ በኋላ የዚያን ዓመት ፋይል አወጣሁት። የእሷን ቅጽ አየሁ። የኔ መስመር ሞልቶ ፈስሷል። የእሷ ባዶ ነው። አንዲት ፊደል የለበትም። ያኔስ ተናገርሁ? ፋይሉን ወደ ቦታው መለስሁት።

ካቻምና ለፋሲካ ጋሼ ቤት ነበርሁ። በቀኛቸው ነበር የተቀመጥሁት፣ ያጎርሱኝ ነበር። እትዬ የብርጓል ከበር ተመልሰው «አገርነሽ መጥታለች፣ ማር ይዛ» አሉ። ጋሼ የያዙትን ጉርሻ መለሱት። «ደክሞታል፣ ተኝቷል በያት» አሉ። ልናገር ነበር። እግዚአብሔር ያያል፣ ልናገር ነበር። አፌ ሙሉ ነበርና ዋጥሁ፤ ስውጥ ጊዜው አለፈ። እሷ ማሩን በር ላይ ትታ ሄደች። ከማሩም በላሁ።

ባለፈው ረቡዕ ልናዘዝላቸው ሄድሁ። ተኝተው እጄን ያዙኝ። «አዘዘ፣ አንተስ አልከዳኸኝም» አሉኝ። እኔ ምን አልሁ? «እግዜር ይማርዎ» ብዬ ወጣሁ። ዓርብ አረፉ።

አገርነሽ ያቻትና፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዛሬ ጠዋት ከዱርቤቴ ነው የመጣችው። ስትገባ ፊታችሁን ስታዞሩባት አይቻለሁ። እባካችሁ መንገድ ስጧት። አገርነሽ፣ እኅቴ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም፣ በሰው ፊት አላስገድድሽም። ብቻ ወደዚህ ነይ። ቤተሰቡ ሳጥኑን ከሚያወርዱት አንዱ እንድሆን ጠይቀውኝ ነበር። አልችልም። ገመዱን አልነካውም።

ጋሼ ወልደ ገብርኤል፣ እንግዲህ ይሄዳሉ። የዛሬውን ከኔ አንደበት ሰምተው ይሂዱ። ከበር የመለሷት ልጅ አፏን ጠብቃልዎታለች። የጻፈው ሲያጎርሱት የነበረው ነው። አገርነሽ መጥታለች፣ ጋሼ፤ አጠገብዎ ቆማለች። ደህና ይሁኑ።