ላጤ የተባለው አባት

አርብ ከሰዓት ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ከአል ሰድ ሰፈር በተጋራነው ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ።

«አባትሽን አሮጌውን ገበያ አሳየሽው?»

«ምኑን አሳየሁት! ባለፈው አርብ ወስጄው ዘበኛው ከበር መለሰን።»

«ለምን?»

«አርብ የቤተሰብ ቀን ነው፣ ላጤ ወንድ አይገባም አለኛ!»

«ላጤ? አባትሽን?»

«ሰባት ልጅ የወለደውን ሰውዬ! አባቴ ነው ብለው፣ ‹አንቺ ግቢ፣ እሱ ይቅር› አይለኝም?»

«ወይ ጉድ! ለአባትሽስ ምን አልሽው?»

«ምን ልበለው? ለጸሎት ተዘግቷል አልኩት።»

«አመነሽ?»

«ማመን ብቻ! ቋንቋቸውን የት ያውቅና! ይሄ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ መዋሉ አሳዝኖት፣ እጁን ዘርግቶ መረቀው። ያንን ዘበኛ መረቀው እኮ!»

እኔም ላጤው ብቻዬን ወደዚያው ገበያ ነበር የምሄደው፤ ገበያው ሳንደርስ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ የሚባለው ሰፈር ላይ ወረድኩ።