የአራተኛ ክፍል መስኮት

በታኅሣሥ ወር አንድ ሰኞ ማለዳ፣ አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ አቶ ኃይለ ገብርኤል መዶሻቸውን በበርኖሳቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን ዳገት ተያይዘውት ነበር። ኪሳቸው ውስጥ አንድ እፍኝ ምስማር በእርምጃቸው ልክ ይንቃጨላል። በየሃያ እርምጃው ቆም ብለው ይስላሉ፤ ከዚያ አፋቸውን ጠርገው እንደገና ይወጣሉ።

አቶ ኃይለ ገብርኤል አናጺ ናቸው። ከአንኮበር ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ያለውን ይህን ትምህርት ቤት ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ሲሠራው፣ የስድስቱን ክፍሎች በርና መስኮት ያለ ዋጋ የገጠሙት እሳቸው ነበሩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ብርዱ በመጣ ቁጥር የገጠሙትን መስኮት መልሰው በምስማር ይመታሉ። አምስቱን ክፍሎች እንዲህ አሽገዋል፤ ወላጆችም መርቀዋቸዋል። የቀረው አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ሰፊው ክፍል እሱ ስለሆነ የቅዳሜው የወላጆች ቀን የሚከበረው እዚያ ነው። ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከገና በፊት የሚደረግ ትልቅ በዓል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ፍቅርተማርያም ራሷ የጻፈችውን ጽሑፍ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታነባለች። ልጅቷ ዐሥር ቀን ሆኗት እየሳለች ነው። በንባቧ መካከል ንፋስ ገብቶ ሳሉን ቢቀሰቅስባትስ? ስለዚህ መስኮቱ ዛሬ መመታት አለበት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ከጎን መንገድ አንዲት ሴት በአጎዛ ጥቅል ሥር ተደብቃ ብቅ አለች። ሁለት ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት ለብሳለች፤ በሂጃቧ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፤ እጇ ላይ ደግሞ ጓንት ስላላገኘች ካልሲ አጥልቃለች። የአራተኛ ክፍል መምህርት ሌይላ ናት፤ የአሊዩ አምባ ልጅ።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ የቆላዋ ልጅ? ሳትደርቂ አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። እግሮቼን ብቻ ነው ያጣኋቸው፤ የሆነ ቦታ ጥያቸዋለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሌይላ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ኪስዎ ውስጥ የሚንቃጨለው ምንድን ነው?» አለች።

«ለክፍልሽ ያመጣሁት ስጦታ ነው።»

«ምስማር ከሆነ አልቀበልም።»

«ትቀበያለሽ እንጂ! አንቺ ራስሽ በካልሲ ተጠቅልለሽ እየተንቀጠቀጥሽ መስኮት ይከፈት ትያለሽ? ብርድን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አሊዩ አምባ በቀትር ጥላ ፍለጋ ስትሮጪ ነው ያደግሽው። እዚህ ግን ብርድ ሰው ይመታል፤ ሳንባ ይገባል፤ ይገድላል!»

«አባባ፣ ብርዱንማ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ እርስዎ ለምደውታል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ብርዱ አይደለም። ሃምሳ ልጅ በአንድ የታሸገ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ አንዱ ያወጣውን ትንፋሽ ሌላው ይስበዋል። የአንዱ ሳል የሁሉም ይሆናል። አምስተኛ ክፍል ገብተው ያውቃሉ? ሃያው ይስላል። በእኔ ክፍል ስድስት ናቸው።»

«ያንቺ ክፍል ፊቱን ወደ ፀሐይ ነው። አምስተኛ ክፍል ጥላ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ አታስተምሪኝ።»

ሌይላ አጎዛውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «እሱስ እውነት ነው፤ ፀሐዩም ይረዳል» አለች።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ደስ አላቸው። ክርክሩን የረቱ መስሏቸው እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። በእርግጥ በዚህ አገር ብርድን ከስሶ ያልረታ ማን አለ? ወገብ ሲቆረጥም ብርድ ነው። ጥርስ ሲጠዘጥዝ ብርድ ነው። ኩላሊት ሲያም፣ ጆሮ ሲመግል፣ ሰው ከስቶ አጥንቱ ሲቆጠር ብርድ ነው። ብርድ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ኖሮ በዕድሜ ልክ እስራት ላይ ስንት ዕድሜ ይጨመርበት ነበር! እውነተኛው ገዳይ ግን ምስክር ሳይጠራበት ከቤት ቤት ይዘዋወራል። «ብርድ ነው» ብሎ መተኛት ምርመራ አያስፈልገውም፤ መንገድ አያስኬድም፤ አያሳፍርም። ለዚህም ነው ይህ ቃል ከብርዱ የበለጠ ሰው የጨረሰው።

«አባባ፣ ስንት በጎች አሉዎት?» አለች ሌይላ ድንገት።

«ዐሥራ አራት። ምነው? ለገና ልትገዢ ነው?»

«የሚያድሩበት ቤት ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ የተመረገ ነው?»

«ማን ሞኝ ነው እሱን የሚያደርግ! ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይተዋል። በግ ከታፈነ ትንፋሹ ይበክለዋል፤ ላብ ያጠምቀውና ማሳል ይጀምራል። አንዱ ከሳለ በሳምንቱ ሁሉም...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሌይላ ጨረሰችላቸው።

«ሁሉም ይስላል። ታዲያ ለዐሥራ አራት በግ የተውትን ክንድ ለሃምሳ ልጅ ምነው ነፈጉት?»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «ልጆቹን ከበግ ታወዳድሪያለሽ?»

«እኔ አላወዳደርኩም! ከበግ ያሳነሷቸው እርስዎ ነዎት፤ በምስማር!»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሌይላ ደነገጠች። ለአባቷ ታላቅ በሚሆን ሰው ላይ እንዲህ መናገር ያሳደጋት ቤት ያስተማራት አይደለም። ግን አንዳንድ እውነት በለሰለሰ ድምፅ ከተነገረ ማንም አይሰማውም፤ ይህም ከእነዚያ አንዱ ነበር።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። ከመልስ በፊት ሳል መጣ። ይህኛው ቶሎ የሚያልፍ አልነበረም። ጎንበስ አሉ፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ያዙ፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ሌይላ አጎዛውን ጥላ ክንዳቸውን ደገፈች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ይህ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስቀል ወዲህ። ብርድ ነው።»

«ከመስቀል? ሦስት ወር ሆነው እኮ! ሌሊት ያልብዎታል?»

«ሁለት ባና ደርቤ ተኝቼ እንዴት አያልበኝ!»

«ከስተው ግን ቀበቶዎ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስተዋል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፍቅርተማርያም ከእርስዎ ጋር ነው የምትተኛው?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። የልጅ ልጃቸው ስም ሲጠራ ልባቸው ሌላ ነው። እናቷ ደብረ ብርሃን ሥራ ከገባች ወዲህ ልጅቷ ከእሳቸው ጋር ናት፤ በአንድ ክፍል፣ መስኮቱ በተመታ ክፍል ይተኛሉ።

«ምን ልትይ ነው?»

«ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር አለበት ነው የምልዎት። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«ብርድ ነው አልኩሽ!»

«እንግዲያው እንወራረድ። ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ልጅቷንም ይውሰዷት። ብርድ ነው ካሉዎት መስኮቱን በራሴ እጅ እመታዋለሁ፤ ምስማሩንም እኔ እገዛለሁ። ብርድ ካልሆነ ግን የመቱትን ሁሉ እርስዎ ይነቅላሉ።»

አቶ ኃይለ ገብርኤል የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «የቆላ ልጅ መዶሻ ስትይዝ ለማየትማ እሄዳለሁ!» አሉና ምስማሩን በኪሳቸው እንደያዙ ተመለሱ።

ማክሰኞ ልጅቷን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። አክታቸውን በትንሽ ብልቃጥ ሰጡ። ረቡዕ ውጤቱን ሊሰሙ ተቀመጡ። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ሰርካለም ወረቀቱን አየች፤ ከዚያም እሳቸውን።

«አባባ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቲቢ።»

አቶ ኃይለ ገብርኤል መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም። «ልጅቷስ?»

«ደረቷን አየነው፤ በሽታው የለባትም። የእሷ ሳል ጉንፋን ነው፤ እየለቀቃት ነው። እንዳይይዛት ግን መከላከያ ኪኒን ትወስዳለች።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጅቷን ከብርድ ሊያድኑ መስኮቱን የመቱት እሳቸው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚስሉትም እሳቸው።

«አሁን ሰው ምን ይለኛል?» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ዕድሜዬ ነቀርሳ!»

«ምን ይልዎታል? ታመመ ይላል፤ ከዚያም ዳነ ይላል» አለች ሲስተር ሰርካለም ቆጣ ብላ። «መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ስድስት ወር ነው። ከጀመሩት እንዳያቋርጡት። ለሁለት ሳምንት ያህል ዝግ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አይቀመጡ፤ ለብቻዎ ይተኙ፤ ማስክ ያድርጉ። ውጪ መሆን ይችላሉ። የቤትዎን መስኮት ደግሞ ይክፈቱት!»

«የኔ መስኮት አይከፈትም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «በሰባት ምስማር ነው የመታሁት።»

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ፣ ከአምስተኛ ክፍል ግድግዳ በውጪ በኩል የብረት ሲጥ ሲጥ ማለት ተሰማ። ርእሰ መምህሩ ወልደተንሣኤ ሮጦ ወጣ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ማስክ አድርገው፣ ጉጠት ይዘው ምስማር ይነቅላሉ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ለቅዳሜ እንግዳ አለብን፤ ልጆቹ ይበርዳቸዋል!»

«ይበርዳቸው። በብርድ ማን ሞተ?» አሉት፤ ቀና ብለውም አላዩትም።

ሌይላ ከክፍሏ መስኮት ብቅ ብላ ሰማቻቸው። ስለ ውርርዱ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሳቸው ግን ራሳቸው ተናገሩ።

«በይ ሳቂብኝ እንጂ! ነቀርሳ ነው። ፍቅርተማርያም ግን ነጻ ናት።»

ሌይላ አልሳቀችም። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ዐይኗንም በሻርፗ ጠረገች። «ከአሁን በኋላ እንዴት እናድርገው ይላሉ? ሙሉ በሙሉ ከከፈትነው ልጆቹ እጃቸው ደንዝዞ እርሳስ አይዙም። እዚያ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ የአናጺ ዐይናቸው በራ። መስኮቱን በስንዝር ለኩት። «መንጠቆ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ክንድ ብቻ ከፍቶ የሚይዝ፤ ንፋስም የማያንገላታው። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ወለል ይደረጋል። የመጀመሪያውን ትምህርት ለምን ፀሐይ ላይ አታስተምሪያቸውም?»

«አጎዛውን ማክሰኞ በረንዳው ላይ አንጥፈን ጀምረናል። ከየቤቱ አንድ አንድ ቢመጣ ለሁሉም ክፍል ይበቃል።»

«ይመጣል። እምቢ ያለውን ለእኔ ተይልኝ።»

ቅዳሜ ደረሰ። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ወለሉን ጠርገው፣ ሰሌዳውን በባለቀለም ጠመኔ አስጊጠው ጠበቁ። ወላጆች ክፍሉን ሞሉት፤ የወረዳ እንግዶችም ከፊት ተቀመጡ። አቶ ኃይለ ገብርኤል አልገቡም። በውጪ በኩል፣ በመስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ፣ ማስካቸውን አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወልደተንሣኤ ስለ መስኮቶቹ እንዲናገሩ በጋበዛቸው ጊዜ በመስኮቱ በኩል ብቅ አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ወገኖቼ፣ ይህን ትምህርት ቤት በምስማር ያሸግሁት እኔ ነኝ። እናንተም መርቃችሁኛል። ምርቃቱን መልሱ! ሦስት ወር ብርድ ነው እያልኩ ነቀርሳ ተሸክሜ ዞርኩ። እስከ ዛሬ ብርድ እያልን የቀበርናቸውን አስቡ፤ እኔ ሁለት ወንድሞቼን አስቤያለሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚስል ሰው በየቤታችሁ ካለ ሰኞ ይመርመር። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ሰው ይድናል። መስኮት ይከፈት፤ ልጁን ደግሞ አልብሱት። በግ ታርዳላችሁ፤ አጎዛውን ለትምህርት ቤቱ ላኩ። ልጅ ሳያስል ከተማረ የጥር ወሩን ፈተና ያልፋል፤ እናቱም የሳል መድኃኒት ፍለጋ ደጅ ለደጅ አትዞርም። ጨረስኩ። አሁን የልጅ ልጄን ልስማ።»

ጭብጨባው ሳያበቃ ፍቅርተማርያም ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ስለ ትምህርት ቤታቸው የብርድ ወራት የጻፈችውን አነበበች፦ አመዳይ እንዴት በጫማ ሥር እንደሚንኮሻኮሽ፣ ጠዋት ጣቶቻቸውን በትንፋሽ እያሞቁ እንዴት እንደሚጽፉ፣ የገና ጨዋታ ሊጀመር ስንት ቀን እንደቀረው። አንዴም አልሳለችም። በመካከል ንፋስ ገብቶ ወረቀቷን ሲያርገበግበው በእጇ ደገፈችውና ቀጠለች።

መስኮቱ አጠገብ የቆመችው ሌይላ ግን ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣

«አባባ... ለአምስት ደቂቃ ብቻ ገርበብ ቢያደርጉትስ?» አለች።

አቶ ኃይለ ገብርኤል አዲሱን መንጠቆ በጣታቸው ነካ አድርገው መጥበቁን አረጋገጡ።

«አይሆንም» አሉ። «ካልሲሽን አጥልቂ።»