ያልተፈተሸ ኪስ

— ሄሎ… አንቺ ነሽ? እኔም ልደውልልሽ እጄን እያደረቅሁ ነበር።… ቆይ። እትዬ፣ የማጠቢያ ማሽኑን አንዴ ያጥፉልኝ፣ ልጄ ናት።

— የመድኃኒት ቤቱ ጋውንሽ? አልደረሰም።… ለምን? እሱን እኔ ልጠይቅሽ እንጂ።

— ስሚኝ። እዚህ የሰው ልብስ ሲመጣ ኪሱን ሳልገለብጥ ውሃ አላስነካም። ያንቺን ግን የልጄ ነው ብዬ እንዳለ ዘፈዘፍኩት። ከሆቴሉ አንሶላ ጋር።

— አዎ፣ ከነጩ። ዞር ብዬ ስመለስ ሳፋው ሻይ መስሏል። እኔ የቧንቧ ዝገት መስሎኝ ከቧንቧው ጋር ስጣላ… እጄን ብሰድ የሲጋራ ፓኮ ወጣ።

— የጓደኛዬ ነው እንዳትይኝ።… እሺ። ያንቺ ነው።

— ከመቼ ጀምሮ?… ከሽማግሌው በኋላ? የትኛው ሽማግሌ?… ቀስ በይ።… የሌላ ሰው መድኃኒት ሰጥተሻቸው… በሞትኩት። ዋጡት?… ሳይውጡ መለሱት። ተመስገን። ታዲያ ሰውየው ደህና ከሆኑ…

— ዓይንሽን ስትጨፍኚ እሳቸው ይመጡብሻል?… ስንት ቀን ሆነሽ ሳትተኚ?… ወር። ወር ሙሉ እኔን «ደህና ነኝ» እያልሽ።

— ሲጋራው ያረጋጋኛል ነው የምትይው? እሁድ ብርጭቆው ከእጅሽ አምልጦ ሲወድቅ አይቻለሁ። ብርድ ነው አልሽኝ። እኔ ሞኟ ሹራብ ደረብኩልሽ።

— አልተቆጣሁም። ድምፄ እንዲህ ነው፣ ታውቂው የለ።… ለአባትሽ? አልናገርም። እሱ ቢሰማ ያለ ሲጋራ ነው የሚጨሰው።… እንደሱ፣ ሳቅ በይ።

— እትዬ፣ አንሶላውን በረኪናው ውስጥ ይተዉት። ከለቀቀ ለቀቀ።

— አሁን የት ነሽ?… ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃው ላይ። ብቻሽን?… እጅሽ ላይ ምን አለ?… ሲጋራ።

— ጣይው አልልሽም። ብልሽም አትሰሚኝ፣ ግትርነቱን ከእኔ ነው የወሰድሽው። ብቻ ለብቻሽ አይሁን። ከሥራ ስትወጪ ቤት ነይ። ደጃፌ ላይ ተቀምጠሽ አጭሺ፣ እኔም አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ነገ ደግሞ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ጭሱን እችለዋለሁ። ዝምታሽን ነው የማልችለው።

— አትመጪም? ለምን?… ደክሞኛል ማለት… ሥራው ነው የደከመሽ ወይስ ምኑ?… ልጄ… ታለቅሻለሽ? አልቅሺ፣ አልዘጋም።… ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?… ሄሎ?

— ተቋረጠ።… አታነሳም። እትዬ፣ ሽርጤን ይያዙልኝ። አለቃው የት ሄደች ካለ፣ ደረጃ ላይ የተቀመጠች ልጅ አለቻት ይበሉት።