አልጠራ ያለው መስታወት

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ የዓይን ሐኪሟ በዚያ ቀን ከአጎቷ ሱቅ ባልገባች ነበር። አጎቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ኩሩ ሰው ናቸው፤ ኩራቱም ያምርባቸዋል። ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ሰዓት እሳቸው ያስነሡታል። ያን ዕለት ግን የአንድ የእጅ ሰዓት መስታወት ይዘው በጨርቅ ይፈትጋሉ፣ እፍ ይላሉ፣ ደግመው ይፈትጋሉ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«ግቢ የወንድሜ ልጅ፣ ዝናብ ይመታሻል። የዘመኑን መስታወት አየሽልኝ? ብፈትገው ብፈትገው ጉሙ አልለቅ አለኝ።»

ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሣችው። «ይሄ እኮ የጠራ ነው ጋሼ። እንዲያውም ፍተጋው ጫረው። ጉሙ ያለው ዓይንዎ ላይ ነው።»

አጎቷ መስታወቱን መልሰው ተቀበሏት። ሰሞኑን ጥቃቅን ብሎኖች ከመቆንጠጫቸው እያመለጡ ሲጠፉባቸው በመብራቱ ሲያሳብቡ ከርመዋል። ሰዓት ሠሪ ዓይኑ ከሄደ ሞያውም ስሙም አብረው ይሄዳሉ፤ ይህን ፍርሃታቸውን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ነገ አደባባዩ ላይ በነጻ ማከም እንጀምራለን፤ ይምጡልኝ» አለች።

«የገዢው ፓርቲ ዓርማ የተሰቀለበት ድንኳን? በቁሜ አላደርገውም! እነዚያ ሰዎች ዓይኔን ነካክተው ነገ ምን እንደሚያሳዩኝ በምን አውቃለሁ?»

«የእርስዎ ፓርቲ ሥልጣን ላይ ሳለ ለክትባት ቤት ለቤት ሲቀሰቅሱ የነበሩት ማን ነበሩ? ያኔ ልብስ ሰፊው ጎረቤትዎ ‹መርፌው ያመክናል› ብለው ልጆቻቸውን ደበቁ። ዛሬ የራሳቸው ወገን ሲጠራቸው ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ተመዝግበዋል።»

«እሱማ ጅል ነው! መድኃኒቱን ትቶ አምጪውን ነው የሚያየው» አሉና የገዛ ቃላቸው ጠልፎ ጣላቸው።

ሰው እንዲህ ነው። ወዳጅ ያመጣው እውቀት በረከት ይባላል፤ ባላንጣ ያመጣው ያው እውቀት ተንኮል ይሆናል። ማስረጃውን ገልጦ የሚያይ ጥቂት ነው።

ሰዓት ሠሪው ፖለቲካው ሲያዳልጣቸው ወደ ሃይማኖቱ ተሻገሩ። «ፓርቲውን ተዪው። ፈጣሪ የጋረደውን ዓይን ሰው መግለጡ ድፍረት አይሆንም?»

«የጸሎት ቤቱ የማማ ሰዓት ሲቆም የፈጣሪ ፈቃድ ነው ብለው ተዉት?»

«እንዴት እተወዋለሁ? በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ወጥቼ አስነሣሁት እንጂ! ይሄን እጅ የሰጠኝ ማን ሆነና?»

«የእኔንስ እጅ ማን ሰጠኝ ጋሼ?»

ቀና ብለው አዩዋት። የወንድማቸውን ልጅ ፊት በውል ካዩ መክረማቸውን ያን ጊዜ አወቁት።

«ብትሳሳቺስ?» አሉ ቀስ ብለው። ይህ የፖለቲካም የሃይማኖትም ጥያቄ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«መሳሳት አለ፤ አልዋሽዎትም። ስለዚህ ነው ሥራችንን ደጋግመን የምንፈትሸው፣ ስሕተታችንንም ሳንደብቅ የምናርመው። ጸሎትዎን እያደረሱ ሕክምናው አልጋ ላይ ይተኙ፤ እኔም ጸልዬ ነው መሣሪያዬን የማነሣው።»

በማግስቱ ሄዱ፤ ሞራውን አነሣችላቸው። ዛሬ ብሎኑ ከመቆንጠጫቸው አያመልጥም። የጸሎት መጽሐፋቸውን ደቃቅ ፊደል ያለ አንባቢ ይዘልቁታል፤ የባላንጣዎቻቸውንም ጋዜጣ ራሳቸው እያነበቡ ይተቹታል። ሳይንስ ከእምነታቸውም ከአቋማቸውም አንዳች አልነጠቃቸውም።

የፓርቲ ጓደኞቻቸው ግን ሱቃቸው ድረስ መጥተው ወቀሷቸው። «እንግዲህ አንተም ከነሱ ጋር ገባህ?»

ሰዓት ሠሪው ልብስ ሰፊው እንዲሰማ ጭምር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ታውቃላችሁ። ድንኳኑ የፈለገው ይሁን፤ ዓይኔን ያበራችው የወንድሜ ልጅ ናት! ይልቅ ተነሡ፣ ተራ ላሲዝላችሁ። እነዚህን ገዢዎቻችንን አጥርተን ብናያቸው ነው የሚሻለን።»