የባለቤት ስም

ሾላ ገበያ፣ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርን። ከፊቴ የቆሙት ጎረቤቴ አቶ አባይነህ ናቸው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወረቀት ያነበቡ፣ ከወረቀት ውጪ ያለውን ዓለም ግን ብዙም የማያምኑ ሰው ናቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ግትርነታቸው ግን ያናድደኛል።

አንዲት ሴት ደብዳቤ ይዛ ቀረበቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ አባይነህ እርስዎ ነዎት? አስካለች እባላለሁ። ኮተቤ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። በተማሪዎች ዩኒፎርም ጨረታ ለሴቶች በተለየው ድርሻ ተወዳድሬ ‹የሴት ድርጅት አይደለም› ተብዬ ወደቅሁ። የአቤቱታው ጊዜ ነገ ያበቃል። ይህ ሥራ ካመለጠኝ አብረውኝ የሚሠሩትን ስድስት ሴቶች ማሰናበቴ ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቅጹ ላይ ‹የባለቤት ስም› በሚለው ቦታ ‹እንድርያስ› ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ።»

«ባለቤቴ ነዋ ጋሼ። እንድርያስ ሹፌር ነው። መርፌ እንኳን በቅጡ አይዝም።»

ከኋላዬ የቆመችው ሰገነት ሳቀች። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞችን ስለ ግዥ ሕግ ታሠለጥናለች።

«አይሳቅም ልጄ» አሉ አቶ አባይነህ። «ይህ የሴቶች ድርሻ የምትሉት ነገር ለይስሙላ ነው። ወንዱ በሚስቱ ወይም በእህቱ ስም ፈቃድ ያወጣና ሥራውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ዋጋና ጥራት አይቶ ለሁሉም እኩል መስጠት ነበር የሚሻለው።»

«ስም ማዋስ መኖሩን አልክድም ጋሼ» አለች ሰገነት። «ጥፋቱ ግን ድርሻውን የደነገገው መመሪያ አይደለም። ሄዶ ያየ ሰው የለም። ቅጹን ብቻ ስታነቡ ስሟን ያዋሰችው ታልፋለች፣ የምትሠራዋ ትወድቃለች። ጥራት ላሉት ደግሞ፣ ከበር ከተመለሰች ጥራቷን ማን ያይላታል?»

«እኛ የጻፈችውን ነው ያነበብነው።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጡ ‹የባለቤትዎ ስም ማን ነው?› ቢባሉ ምን ይላሉ?»

«ለተሥላሴ ነዋ።»

«እና እትዬ ለተሥላሴ እርስዎን ገዝተውዎታል ማለት ነው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። አቶ አባይነህም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«‹ባለቤት› ሦስተኛም ፍቺ አለው» አልኩ። «በሰዋስው ባለቤት የምንለው ድርጊቱን የፈጸመውን ነው። ‹አስካለች ዩኒፎርም ሰፋች› ብለን ብንጽፍ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?»

«አስካለች።»

«እንድርያስስ?»

«የለም» አሉና ወደ አስካለች ዞሩ። «የንግድ ፈቃዱስ በማን ስም ነው የወጣው?»

«በኔ ነው። ከቅጹ ጋር አያይዤዋለሁ» አለች አስካለች።

«እሱን አልገለጥነውም» አሉ ቀስ ብለው። ለእሳቸው ይህን ማለት ቀላል አልነበረም፤ በዚያች ደቂቃ ከምንጊዜውም ይልቅ አከበርኳቸው።

ታክሲው ሲመጣ ሥራዋን ሄደን ለማየት አራታችንም አብረን ገባን። አስካለች ስፌት ቤት ስንደርስ አንዷ ሠራተኛ «እትዬ፣ ኮሌታው በምን ያህል ይታጠፍ?» ብላ ጠየቀቻት። አስካለች ሜትሯን ከጠረጴዛው አንስታ ለካች። አቶ አባይነህ አንድ ሸሚዝ አንስተው ስፌቱን ግራና ቀኝ ሳቡት፤ አልተረተረም። «አቤቱታሽን ነገ በጠዋት አስገቢ» አሏት።

ኮሚቴው በማግስቱ ተሰብስቦ ውሳኔውን ሻረ። በዚያ ድርሻ የተወዳደሩትንም ሁሉ በየሥራ ቦታቸው ሄዶ አየ። አንደኛው ድርጅት ዘንድ ባለቤት ተብላ የተጻፈችው ሴት፣ መጋዘኑ የት እንደሆነ ወንድሟን በስልክ ስትጠይቅ ተገኘች። ያ ድርጅት ወጣ፤ በዋጋም በጥራትም የተሻለችው አስካለች አሸነፈች። ማንንም ማሰናበት ቀርቶ አራት ሴቶች ጨመረች፤ ዩኒፎርሙም ትምህርት ሳይከፈት ደረሰ።

ቅጹም ተለወጠ። አሁን «ድርጅቱን የሚመራው ሰው» እና «የትዳር ጓደኛ» ተብሎ በሁለት መስመር ተለያይቷል። በቀጣዩ ጨረታ ከአንድ ሰፈር፣ ከየካ አባዶ ብቻ የመጡት ሴቶች በፊት ከከተማው ሁሉ ይመጡ ከነበሩት በለጡ። ተወዳዳሪው ሲበዛ ዋጋው ቀነሰ፣ ስፌቱ ጠነከረ። መመሪያው በሚገባ ከተሠራበት መሥሪያ ቤቱን ራሱን የሚጠቅም መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ለአዲሶቹ ተወዳዳሪዎች ገለጻ በተደረገበት ቀን መድረኩ ላይ የወጡት አቶ አባይነህ ነበሩ።

«ይህ መመሪያ አይሠራም እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ» አሉ። «ያልሠራሁት ግን እኔ ነበርኩ።»