የላይኛው ፎቅ ጧፍ

«እንዴት ነው እማማ፣ ባቡሩ አላንገላታዎትም?» አለች የትነበርሽ፣ ወንበሯን ወደ አሮጊቷ እያስጠጋች። «ከሮተርዳም እስከዚህ ድረስ፣ በዚህ ብርድ... ጉልበትዎ እንዴት ቻለው? ካፖርትዎን ያውልቁት እንጂ። እዚህ ሳሎን ካፖርት አያስፈልግም።»

እማማ ወለተሥላሴ ጆሯቸው ደከም ብሏል። እሳቸውን የሚያጫውት ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ከፍ ካደረገ ደግሞ ሳሎኑ በሙሉ ይሰማዋል። የትነበርሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ ወንበር እሳቸው አጠገብ ያለውን የመረጠችው ናፍቀዋት ብቻ አይደለም።

ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ነው። በዓሉ የሥራ ቀን ስለዋለ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ እሑድ ተገፍቷል። ቤቱ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ባለቤቱ ድሮ መርከበኛ ነበሩ፤ ሌላው ስደተኛ ሳይመጣ ወደብ ላይ ወርደው የቀሩ፣ የአገሩን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ደብዳቤና ፎርም ለመጣበት ሁሉ ደራሽ። ስማቸው እዚህ አይነሳም፤ የትነበርሽም አላነሳችው። ይህን አሮጌ ቤት ገዝተው ከታች ይኖራሉ፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያከራያሉ። አንዱን ስኪፖል አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ የሚጭነው አዘዘ፣ ሌላውን የትነበርሽ ከሦስት ዓመት ልጇ ከአበባ ጋር ተከራይተውታል።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። መንግሥት፣ ቤቱን ከብርድ ለሚከላከል ሰው የወጪውን ከፊል ይመልሳል ተባለ፤ ሱብሲዲ ይሉታል። መስኮቱን ድርብ መስታወት ያደረገ ሁሉ ያገኛል። ሰውዬው ፎርሙን ይዘው ወደ ላይ ወጡና «ለልጅሽ ብዬ ነው» ብለው የትነበርሽን አስፈረሟት። ፎርሙ «በክፍሌ ድርብ መስታወት ገብቶልኛል» እንደሚል ያወቀችው፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ የምታጸዳው ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ሴት ቅጂውን ስታነብላት ነው። መስታወቱማ ገብቷል፤ ከታች፣ ሳሎኑ ላይ። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳሎኑን አየ። ላይ የታመመ ተኝቷል ሲባል እግዜር ይማረው ብሎ ሄደ። እውነትም ታሞ የተኛ ነበር። አበባ ደረቷን ይዟታል፤ ሐኪሙም ክፍሉ ካልደረቀና ካልሞቀ ልጅቷ የብርዱን ወራት ሆስፒታል ነው የምታሳልፈው ብሏል። የትነበርሽ ሁለት ጊዜ ለመነች። ሁለቴም «በጸደይ እናየዋለን» ተባለች።

እና ዛሬ፣ ገና በአሥር ሰዓት ሲጨልም፣ ጧፉ በርቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። እማማ መስታወቱ ውስጥ ሁለት ነበልባል አይተው አማተቡ። ባለቤቱ ደስ ብሏቸው ከወንበራቸው ተነሡና ለማኅበርተኛው አስረዱ፤ መስታወቱ ነጠላ ከሆነ አንድ ነበልባል፣ ድርብ ከሆነ ሁለት ይታያል፣ ተቆጣጣሪው ራሱ ላይተሩን አብርቶ ያረጋገጠው በዚሁ ነው አሉ። ማኅበርተኛው አደነቀ። የትነበርሽም አደነቀች።

«ዕውቀት እንዴት ያለ ነገር ነው እማማ። እኔኮ ምሥጢሩ አልገባኝም ነበር። ላይ እኛ ጋ ጧፍ ሳበራ የምትታየኝ አንዲት ብቻ ናት... ቀጭን። እኔ ደግሞ ጸሎቴ ጎድሎ ነው ስል ከረምኩ። ለካ በመስታወቱ ኖሯል?»

አንዳንዱ ዳቦውን ማኘክ ተወ። እማማ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ እሷም ድምጿን ጨመር አደረገችላቸው።

«አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ፤ እርስዎ አያውቋቸውም... እንዴት ያሉ አሳቢ መሰልዎት። ሲያስፈርሙዎት ብዕሩን ከፍተው ነው የሚሰጡዎት። የት ጋ እንደሚፈረም በጣታቸው ያሳዩዎታል። ከላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያዩ ዓይንዎ እንዳይደክም ደግሞ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። በሰው አገር እንዲህ የሚያስብልን ማን አለን? ድሮ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ ነበር፤ እዚህ የቸገረው ያላነበበውን ይፈርማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉም እሰማለሁ... ፊርማ ሲያብር ደግሞ መስታወት ያስገባል። የት አይበሉኝ እንጂ።»

አዘዘ ሳቁን ሳል አስመሰለው። ባለቤቱ ዳቦ ጨምሩ እያሉ ሳህኑን ማዞር ጀመሩ፤ የትነበርሽ ጋ ሲደርሱ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው፣ አመስግናም ተቀመጠች። አክብሮት ላይ ማንም አይከሳትም።

ከዚያ ስለ ሰውዬው ደግነት ብዙ አወራች። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል ሲባል እውነት መስሏት እንደነበር፣ እነሱ ጋ የወጣው ግን «ቤቱ ተሻሽሏል» የተባለበት ኪራይ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ቢሆን ቁጥሩን ሲያዩት ሰውነት እንደሚያሞቅ ነገረቻቸው። ሰውዬው ምንም አልተሳሳቱም አለች፤ ሲያስተረጉም ያልሞቀ፣ ሌላው ቋንቋ ሲለምድ ይቆጨዋል። ስለ ልጇ ስታነሳ ግን ድምጿ ዝግ አለ፤ ሆኖም ሳሎኑ ጸጥ ብሎ ስለነበር የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

«አበባዬ በዚህ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ስትነቃ፣ መስታወቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በረዶው አበባ አበባ ሠርቶ ታገኘዋለች። እማዬ፣ ስሜን ማን ጻፈው ትለኛለች። ማን ልበላት እማማ?... በጣቷ ልትነካው ስትል ያስላታል። ድርብ መስታወት ቢገባ ይህ ሁሉ ጌጥ ይቀርባት አልነበር? እኝህ ሰው ይህን አስበው ነው እንጂ፣ ለንፍገት ይመስልዎታል?»

ይህን ጊዜ የማኅበሩ ሙሴ አሳምነው ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ጨዋታ ሲከር ሥርዓት ማስታወስ የሱ ሥራ ነው። ጽዋውን አነሣ። ጽዋ የሚሉት ከገበያ የተገዛ ክዳን ያለው የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ጌሾ ከየት ይምጣ፣ ጥቁር ቢራ ሞልተውበታል። የታኅሣሥን ማን ይወስዳል ሲል፣ ባለቤቱ እጃቸውን ዘረጉ። የየትነበርሽ ተራ ክፍሏ ጠባብ ነው እየተባለ ሁለት ጊዜ ታልፏል። ጽዋ የሚጠይቅን ሰው መከልከል ግን ነውር ነው፣ ከነውርም አልፎ ያስፈራል፤ ሚካኤልን ደጅ ማስጠናት ነውና። የትነበርሽ ከሳቸው ቀድማ ቆመች።

«ተራዬ ነው፤ እኔ ልውሰድ። ይጠበናል... ግን ሰው ሲጠጋጋ ይሞቅ የለ? ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፤ እማማን አዘዘ ይደግፍልኛል። ለተቆጣጣሪው የከበደውን ደረጃ ለእኛ ሚካኤል ያቀልልናል። ዳቦውን እጋግራለሁ፣ ጧፉንም እኔው አዘጋጃለሁ። መስኮቱ ደፍ ላይ እናቆማትና፣ ዛሬ እንደ ተማርነው... አብረን እንቆጥራለን።»

አሳምነው ወደ ባለቤቱ አየ። ባለቤቱ መስኮቱን ያዩ ነበር። እስከ ታኅሣሥ ሚካኤል አራት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ ማዘጋጃ ቤት ያላየውን ክፍል ማኅበርተኛው በሙሉ ካፖርቱን ለብሶ ሊቀመጥበት ነው። ጽዋው የትነበርሽ እጅ ገባ።

ጽዋ የተቀበለ ይመርቃል። ሰው ሁሉ ተነሣ።

«እንግዲህ ያን የማውቃቸውን ሰው ልመርቅ፤ ባለውለታ አይረሳም። ዕድሜያቸውን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው» አለች።

አሜን ተባለ። ባለቤቱም አሜን አሉ።

«ያሰቡልንን እጥፍ አድርጎ ለልጆቻቸው ያስብላቸው።»

አሜን ተባለ። ባለቤቱም፣ ትንሽ ዘግይተው፣ አሉ።

የትነበርሽ ጽዋውን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ዓይኗን ወደ ጣራው፣ አበባ ወደምታስልበት አነሣች።

«ጊዜያቸው ሲደርስም፣ ለኔና ለልጄ በምድር ያዘጋጁልንን ያችኑ ቤት፣ መድኃኔ ዓለም መስኮቷን እንኳ ሳይቀይር፣ እንዳለች በሰማይ ያዘጋጅላቸው።»