ጽዋው ከይርጋ ቤት አልወጣም ያለ ዕለት

ኧረ የማኅበራችንን ነገር ላጫውታችሁ! በእኛ መንደር በገሳይ የሚካኤል ማኅበር አለን፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ባለፈው ደጋሹ ጎረቤቴ ይርጋ ነበር። በልተን ጠጥተን፣ ጽዋውን ለተረኛው ለሞላ ማስረከብ ብቻ ሲቀር፣ ይርጋ «ገብሴን በበሬው ላስበላ ሰው አልሰጥም!» ብሎ እርፍ። በሬው ማሳው ከገባ ወዲህ ሰላምታም የላቸውም። ሞላ አንገቱን ደፋ። እኔ በሽቄ፣ ማኅበሩ ፈረሰ ብዬ ጋቢዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

የማኅበሩ ቄስ ግን አልተቆጡም። «መልካም፤ ጽዋው እዚሁ ይቀመጥ። እስክትታረቁ በየወሩ አንተው ትደግሳለህ» አሉት። ይሄኔ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ኧረ በሚካኤል! ገብሱን የበላው በሬ፣ ጠላ የምጠምቀው እኔ!» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ይርጋም ሳቅ አመለጠው። ሞላ ተነስቶ ይርጋ ጉልበት ላይ ሲወድቅ፣ ይርጋ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ አነሳውና ጽዋውን በሁለት እጁ ሰጠው።

ጽዋውን ወደ ሞላ ቤት ስንሸኝ ይርጋ ከፊት ሆኖ በአቋራጭ መራን፤ በዚያው በተረፈው ገብሱ መሃል። «ኧረ ሰውዬ፣ ገብሱ!» ስለው፣ «ይረገጥ! የዛሬው በሬ እኔ ነኝ» አለኝ።